እጅ ቀዝቃዛ፣ ልብ ደረቅ

ሄቨን ወደ ክፍሉ ስትገባ የቀረው ወንበር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ማትያስ አጠገብ። ቆማ አየችው። እሱም አያት። ወንበሩ ላይ ያስቀመጠውን ቦርሳ ለማንሳት ግን አልቸኮለም።

«ሰው አለው?» አለችው።

«እስካሁን አልነበረውም።»

«ታዲያ ቦርሳህ እዚህ ምን ያደርጋል?»

«ደክሞት ነው» አለና እያመነታ አነሳው።

የነዳጅ ዋጋ ሰማይ የነካበት ዘመን ነበር። በካናዳዋ ካልጋሪ መሀል ከተማ ቀና ያለ ሰው ከወፍ ይልቅ ክሬን ነው የሚያየው። ሁለቱ የሚሠሩበት ኩባንያ ማሌዥያ ውስጥ የጋዝ ሥራ ስለያዘ፣ ወደዚያ የሚላኩትን ሠራተኞች በምሳ ሰዓት ማላይኛ ማስተማር ጀምሯል። ሄቨን ከሂሳብ ክፍል፣ ማትያስ ከቧንቧ ዲዛይን ተመርጠዋል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሲሠሩ ቆይተዋል፤ ሊፍት ውስጥ ሲገናኙ ግን ሁለቱም ዓይናቸውን የፎቁ ቁጥር ላይ ይተክላሉ።

ምክንያት ነበራቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ቤተሰቦቻቸው በአንድ የአማርኛ ጉባኤ አብረው ያመልኩ ነበር። ጠቡ የመጣው በወጣቶች ስብከት ነው፤ በአማርኛ ይሁን ወይስ በእንግሊዝኛ? የሄቨን አባት ጋሽ ጉልላት «አማርኛ የማያውቅ ልጅ ነገ ከእናቱ ጋር በምን ያወራል?» አሉ። የማትያስ እናት እትዬ ፀሐይነሽ ደግሞ «የማይገባውን ስብከት የሚሰማ ልጅ ከጌታ ጋር በምን ያወራል?» ብለው መለሱ። እዚያ ላይ ቢቆም ደግ ነበር። አልቆመም። በአባላት ስብሰባ ላይ እትዬ ፀሐይነሽ ማይክራፎኑን እንደያዙ «ደረቅ ሰው!» አሏቸው። ጋሽ ጉልላት ማይክራፎን አላስፈለጋቸውም፤ «ምላሰኛ ሴት!» ያሉት መኪና ማቆሚያው ድረስ ተሰማ። በሳምንቱ ግማሹን ምእመን ይዘው ወጡና ሌላ አዳራሽ ተከራዩ። ከዚያ ወዲያ የአንዱ ወገን ሰው የሌላውን ወገን ሰው ገበያ ውስጥ ሲያይ ጋሪውን ወደ ሌላ መደርደሪያ ያዞራል።

ማላይኛውን የምታስተምረው ፑአን ሮሃና የምትባል አጭር፣ ፈገግታ የማይለያት ሴት ነበረች። ፑአን በአገሯ ወይዘሮ እንደማለት ነው።

«መጀመሪያ ነገሩን ጥሩት» አለች። «ምን ዓይነት እንደሆነ ከዚያ በኋላ ትነግሩናላችሁ። ሩማህ ቤት ነው፤ በሳር ትልቅ። ሩማህ በሳር።»

ቤት ትልቅ። ሄቨን በልቧ ሞከረችው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ትልቁ ነው የሚቀድመው፤ ቤቱን ገና ሳታየው ትልቅ መሆኑን ሰምተሃል። እዚህ ግን ቤቱ ቀድሞ ይመጣል።

ፑአን ሮሃና ሰሌዳው ላይ ቅጽሎች ደረደረች፤ ትልቅ፣ ጠንካራ ወይም ደረቅ፣ ቀዝቃዛ፣ ኮምጣጣ። «አሁን አጠገባችሁ ያለውን ሰው ግለጹ» አለች።

ማትያስ ወደ ሄቨን ዞሮ ትንሽ አሰበ። ኮምጣጣ የሚለው ለማንጎ የተጻፈ ነበር። እሱ ግን ከማንጎው ላይ አንስቶ እሷ ላይ ለጠፈው።

«ሙካ ማሳም።» ፊት ኮምጣጣ።

ክፍሉ ሳቀ። ሄቨን አልሳቀችም።

«ሙሉት በሳር» አለች። አፍ ትልቅ። ቀጥላም በአማርኛ፣ «ከእናትህ የወረስከው።»

«ሃቲ ከራስ» አለ እሱ። ልብ ደረቅ። «አንቺም ከአባትሽ።»

«በጣም ጥሩ!» አለች ፑአን ሮሃና አማርኛው ስላልገባት እያጨበጨበች። «ሁለታችሁም ቅደም ተከተሉን አልሳታችሁም። ከእንግዲህ ሁልጊዜ አብራችሁ ተቀመጡ።»

ክረምቱ በዚህ ሁኔታ ተጀመረ። በየክፍለ ጊዜው አዲስ ቅጽል ይማራሉ፤ በየክፍለ ጊዜው ይወራወሩበታል። ሄቨን ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ለነገ የሚሆን ስድብ ስትመርጥ ራሷን አገኘችው። ሌላ ትምህርት እንዲህ አጥንታ አታውቅም።

አንድ ቀን ጓንቷን ባቡር ላይ ረስታ፣ ከሰባተኛው ጎዳና እስከ ሕንፃው በር እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ ሮጣ ገባች። ጣቶቿ እስክሪብቶ መያዝ አቃታቸው። ማትያስ አያቸው።

«ታንጋን ሰጁክ» አለ። እጅ ቀዝቃዛ።

የሚቀጥለውን ጠበቀች። ምንም አልቀጠለም። የራሱን ጓንት ከኪሱ አውጥቶ ደብተሯ ላይ አስቀመጠና ወደ ሰሌዳው ዞረ።

«የዛሬው ስድብ የታለ?» አለችው።

«መጀመሪያ ይሙቅሽ።»

ከዚያ ወዲያ ከትምህርቱ በኋላ አብረው መሄድ ጀመሩ። ካልጋሪ ውስጥ ፕላስ ፊፍቲን የሚባሉ በመስታወት የተሸፈኑ ድልድዮች ሕንፃውን ከሕንፃ ያገናኛሉ፤ ሰው በረዶ ሳይረግጥ መሀል ከተማውን ሊያዳርስ ይችላል። እዚያ ውስጥ እየተራመዱ ያዩትን ሁሉ ይጠራሉ። ሃሪ ሰጁክ፣ ቀን ቀዝቃዛ። ኦራንግ ሲቡክ፣ ሰው ባተሌ። ቅጽል ሲያልቅባቸው በአማርኛ ይጨቃጨቃሉ።

«ለነገሩ አባትሽ ልክ ነበሩ» አላት አንድ ቀን። «ታናሽ ወንድሜ ከእናቴ ጋር በአስተርጓሚ ነው የሚያወራው። አስተርጓሚው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ደክሞኛል።»

ሄቨን ቆመች። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ ወገን ሰው አፍ ይወጣል ብላ አልጠበቀችም።

«እናትህም ልክ ነበሩ» አለች ቀስ ብላ። «እኛ ጉባኤ የቀሩት ልጆች ስብከቱ ሲጀመር ስልካቸውን ያወጣሉ። ይህን ነግራኛለች ብትል ግን እክዳለሁ።»

በሚያዝያ፣ ከሰባተኛው ጎዳና በላይ ባለው ድልድይ ላይ ባቡሩ ከሥራቸው ሲያልፍ፣ ማትያስ መስታወቱን እያየ፣ «ማሌዥያ ብቻዬን መሄድ አልፈልግም» አለ።

«ሲጀመር ብቻህን አይደለህም። ኩባንያው ወስኗል፣ አብረን ነን።»

«ኩባንያው የወሰነው ስለ ቢሮ ነው። እኔ የምልሽ ስለ ቤት ነው።»

ሄቨን ባቡሩን እስኪርቅ በዓይኗ ሸኘችው። ፊቷ ላይ እምቢታ አልነበረም፤ እሱም አውቆታል።

«አባዬ እጁን ጭኖ ካልባረከን አላገባህም» አለች በመጨረሻ። «እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያለኝ እሱ ነው። ጊዜውን አይቼ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ። እስከዚያ ለማንም እንዳትናገር።»

«ለእናቴስ?»

«ማንም ስል መጀመሪያ ያሰብኩት እናትህን ነው።»

ማትያስ ሊጠብቅ ሞከረ። ግን ፊቱን መደበቅ አያውቅበትም። እናቱ «ምን አግኝተህ ነው ለግድግዳ የምትስቀው?» ብለው ሲያፋጥጡት ተናገረ። ለሰው እንዳይናገሩም አስማላቸው።

«ለሰው አልናገርም» አሉ እትዬ ፀሐይነሽ። እንደ እሳቸው አስተሳሰብ ቃላቸውን ጠበቁ። በየማለዳው ሰላሳ የሚሆኑ ሰዎች ከየቤታቸው በአንድ የስልክ ቁጥር እየገቡ አብረው የሚጸልዩበት መስመር ነበር፤ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። መሪዋ የጸሎት ርዕስ ሲጠይቁ፣ ያለው ሰው ድምፁን ከፍቶ ይናገራል፤ ሌላው ድምፁን ዘግቶ ያዳምጣል። በማግስቱ መጀመሪያ የቀረበው ርዕስ የራሳቸው ነበር። «ልጄ ማትያስ ከእኛ ተለይቶ የሄደውን ወንድም ሴት ልጅ ወዷል። የአባትየውን ደረቅ ልብ ጌታ ያለስልስልን።»

በዚያው ጠዋት ጋሽ ጉልላት ከጋራዡ ወደ ማድ ቤት ገቡ። ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ የመጋዘን ሽፍት መሪ ናቸው፤ በየማለዳው «መኪናዋን ላሙቅ» ብለው ይወጣሉ። ሄቨን ዳቦዋን አስቀመጠች፤ የአባቷን እንዲህ ያለ ፊት ያየችው ከዚያ ስብሰባ ሲመለሱ ብቻ ነበር።

«ማሌዥያ አትሄጂም።»

«ምን?»

«የዚያች ሴት ልጅ! በዚህ ከተማ ወንድ ጠፍቶ!»

«ማን ነገረህ?»

«የነገረኝ ነግሮኛል።»

«አባዬ፣ እኔ ልነግርህ...»

«ከእሱ ጋር ከሄድሽ የእኔን ቡራኬ እዚህ ትተሽው ነው የምትሄጂው» አሉና ምሳቸውን እንኳ ሳይዙ ወጡ።

በምሳ ሰዓት ሄቨን ከማትያስ አጠገብ አልተቀመጠችም። ሌላው ተማሪ ከወጣ በኋላ ፊቱ ቆመች።

«ነግረሃል።»

«ለእናቴ ብቻ። ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ ደግሞ ለጸሎት መስመሩ አቅርባዋለች፤ አሁን ደውዬ ነው ያወቅኩት። ለሰው አልነገርኩም፣ ለጌታ ነው የነገርኩት አለችኝ።»

«ሰላሳ ሰው እየሰማ!»

«ሰላሳው የእኛ ሰው ነው፤ ከእናንተ አንድም የለበትም። አባትሽ እንዴት እንደሰሙ እኔም አልገባኝም።»

«ስለዚህ ሌላ ሰው ነግረሃል ማለት ነው።»

«አልነገርኩም፣ ሄቨን።»

«ውሸታም!» ጓንቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «እንደ እናትህ ነህ። የሰውን ነገር ጸሎት ብላችሁ ታወሩታላችሁ።»

«አንቺም እንደ አባትሽ ነሽ። ከፈረድሽ በኋላ ነው የምትጠይቂው።»

ፑአን ሮሃና ጀርባዋን ሰጥታቸው ሰሌዳውን ታጠፋ ነበር። የጠፋውን ደግማ አጠፋችው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሊፍት ውስጥ የፎቁን ቁጥር ወደ ማየት ተመለሱ። የጉዞው ስምምነት የሚፈረምበት ዓርብ ተቃረበ። ሄቨን እንደማትሄድ ልታሳውቅ ቆረጠች፤ ግን ከዚያ በፊት አባቷን ለመጨረሻ ጊዜ ልታናግር ሐሙስ ማለዳ ተነሳች። ማድ ቤት አልነበሩም። መኪና እያሞቁ ነው።

የጋራዡ በር እጀታ ላይ እጇ ቆመ። በረዶው ቀልጦ ካለቀ ሰንብቷል። በሰፈራቸው በሲቲስኬፕ፣ ቤት ገና ባልተሠራበት መሬት ላይ እንኳ ሣር በቅሏል። ምኑን ነው የሚያሞቁት? ደግሞስ ሞተሩ ሲነሳ ሰምታ ታውቃለች?

በሩን ቀስ ብላ ከፈተችው። መኪናው ጠፍቶ ቆሟል። አባቷ መሪው ፊት ተቀምጠዋል፤ ኮፍያቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ከፊታቸው ካስቀመጡት ስልክ የሴት ድምፅ ይሰማል፤ አንድ የታመመ ሕፃን ስም እየጠራ ይጸልያል። የእትዬ ፀሐይነሽ ድምፅ ነበር።

«አሜን» አሉ ጋሽ ጉልላት፤ የእሳቸውን ድምፅ ለማያሳልፈው ስልክ።

ሄቨን የመኪናውን በር ከፍታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ስልኩን ሊያጠፉ እጃቸውን ሰደዱ፤ ግን ዘግይተዋል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እናትሽ ታማ ሳለች የጸለዩላት በዚህ መስመር ነው» አሉ። «ካረፈችም በኋላ በየጠዋቱ የእኔንና ያንቺን ስም ይጠሩ ነበር። ጉባኤውን ተውኩ። ጸሎቱን ተው ያለኝ የለም።»

«የሚመሩት እኮ የሰደቡህ ሴትዮ ናቸው።»

«ድምጿ ያናድዳል። ጸሎቷ ግን ጸሎት ነው።»

ሄቨን ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ውሸታም አልኩት። ልጁ ግን አልዋሸም።»

አባቷ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ስልኩ ቀደማቸው። «ሌላ ርዕስ ያለው አለ?» አሉ እትዬ ፀሐይነሽ። «ከሌለ እንግዲህ ያንን ደረቅ ልብ እንደተለመደው...»

«እንደተለመደው!» ጋሽ ጉልላት ወንበራቸው ላይ ቀጥ አሉ። «በየጠዋቱ! በየጠዋቱ እንደ ሕፃኑ ትኩሳት!» ጣታቸው ስልኩ ላይ ወረደና ድምፁን ከፈተው። «ይበቃል!»

ስልኩ ውስጥ የተጀመረው ጸሎት ተቋረጠ።

«ማ... ማነው?» አሉ እትዬ ፀሐይነሽ።

«ደረቁ ሰውዬ ነኝ።»

ከእትዬ ፀሐይነሽ በኩል ብርጭቆ ሲወድቅ ተሰማ።

«ወንድም ጉልላት? መቼ ገቡ?»

«አልወጣሁም።»

ሰላሳ ሰው ያዳምጣል። ሄቨን ዓይኗን ከአባቷ ላይ አላነሳችም። እትዬ ፀሐይነሽ እንደገና ሲናገሩ ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

«እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ሰምተዋል?»

«ሁሉንም። ዝማሬዎን ጭምር። አልተሻሻለም።»

«የእርስዎም ጠባይ።»

«ርዕስ አለኝ» አሉ ጋሽ ጉልላት።

«ይናገሩ።»

«ልጄ ከቤቴ ልትወጣ ነው። አገሩ ሩቅ ነው። የምትወጣው ደግሞ ሊፍት ውስጥ ሰላምታ ከማይሰጥ ልጅ ጋር ነው።»

«ጋሽ ጉልላት» አለ ከእትዬ ፀሐይነሽ ድምፅ ኋላ አንድ የወንድ ድምፅ፤ «እሷም አትሰጥም እኮ።»

«ዝም በል አንተ!» አሉት ሁለቱ እኩል። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ በአንድ ቃል የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

ሄቨን ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «ማትያስ፣ አልዋሸህም» አለች። «ጓንቱን መልስልኝ።»

«እዚሁ ነው» አለ። «ኪሴ ውስጥ።»

«እርስዎ ይጸልዩ፣ ወንድም ጉልላት» አሉ እትዬ ፀሐይነሽ በቀስታ።

ጋሽ ጉልላት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያውስ እጅዎን ልጁ ላይ ይጫኑ፣ እህት ፀሐይነሽ» አሉ። «እኔም እዚህ እጭናለሁ።»

ሄቨን ራሷን ዝቅ አደረገች። የአባቷ እጅ ፀጉሯ ላይ አረፈ። በዚያ ባልሞቀ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የቆየ እጅ ነበርና በረዶ ሆኗል። ታንጋን ሰጁክ፣ አለች በልቧ፤ እጁ ከባድም ነበር፤ ለዚያ ግን ገና ቃል አልተማረችም። ከፊቷ ካለው ትንሽ ስልክ ውስጥ ሰዎች ድምፃቸውን አንድ በአንድ እየከፈቱ አሜን ማለት ጀመሩ።