አዳኙ፣ ላልቶ ሲነበብ

ጉታ የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ግንባሩ ኪቦርዱ ላይ ተደፍቷል፤ ከጀርባው የቆርቆሮ መዝጊያውን የሚጎትትበት ቆልማማ ብረት ወድቋል። ከፊቱ ያለው ስክሪን ላይ መርከቦች በጠፈር መሃል ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ጌሙ ስታክ አድርጓል። እሁድ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ እህቱ ድንቅቱ መናገሻ ያለ ዘመድ ጠይቃ ቡራዩ ወደሚገኘው ጌም ቤታቸው ስትመለስ ያገኘችው እንዲህ ሆኖ ነው። ጩኸቷ ሰፈሩን በሙሉ ከቤቱ አወጣው።

ኢንስፔክተር አሰጋሽ ስትደርስ ሰዉ በሩን ሞልቶታል። አሰጋሽ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ «ወንበሯ እሾህ አለው» ይሏታል። የዚያን ቀንም ክፍሏን ሦስት ጊዜ ዞረቻት፣ ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች፣ መጨረሻ ላይ ከስክሪኑ ጠርዝ የተለጠፈች ብጣሽ ወረቀት ላይ ዓይኗ አረፈ። የጉታ የራሱ እጅ ጽሑፍ ነው።

«ዛሬ ሳይመሽ አዳኙን ማጥፋት አለብኝ። አለዚያ እሱ ይገድለኛል።»

አሰጋሽ ወረቀቷን በላስቲክ ከረጢት ከትታ ድንቅቱን ወደ ጎን ሳበቻት።

«የኔ እህት፣ እግዜር ያጽናሽ። አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አዳኙ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ? ያው እንደ አንበሳ አዳኝ?»

«አክመል ነዋ» አለች ድንቅቱ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ጎረቤታችን ባለ ሱቁ። ጌም ሲጫወት አዳኝ መርከብ ስለሚወድ አዳኙ ይሉታል። ምነው?»

አሰጋሽ ስሙን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ነፍሰ ገዳዩን ያገኘች መስሏት ነው፤ አይ አሰጋሽ!

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ እንደ ቁልቁለት ውሃ ፈሰሰ። አክመል ዓርብ ዕለት በጌም ተሸንፎ «አንድ ቀን እደፋሃለሁ!» ብሎ ጉታ ላይ መጮኹን አስር ሰው መሰከረ። እሁድ አስር ሰዓት ላይ ደግሞ በግማሽ የተዘጋውን በር ሲደበድብ ታይቷል። የፖሊስ ኮምፒውተር ባለሙያው ደወለና ጌሙ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አስር ሰዓት በየአስር ደቂቃው ሴቭ ተደርጎ መቀመጡን፣ ሰባት ፋይል ማግኘቱን ነገራት። ሐኪሙ ሞቱ ከስምንት እስከ አስር ባለው ጊዜ ነው ብሏል። እንግዲህ ጉታ እስከ አስር ሰዓት ሲጫወት ነበር፤ አስር ሰዓት ላይ በሩ ላይ የነበረው አክመል ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የአክመል እጅ ካቴና ገባ።

«አንኳኳሁ፣ አልመለሰልኝም። ተኝቶ መስሎኝ ሄድኩ» ነው የሚለው፤ ሌላ ቃል የለውም።

ሰኞ ጠዋት አሰጋሽ ወደ ጣቢያው ስትገባ የአክመል ሚስት ሰይዳ ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እርጉዝ ናት፤ ወሯ ገብቷል።

«ማሎ፣ ኢንስፔክተር፣ እባክዎ» አለቻት ድንጋዩን ተደግፋ ለመነሳት እየሞከረች። «አክመል የሚገድለው ጌም ላይ ነው። ቤት ውስጥ ዶሮ እንኳ የሚያርድልን ጎረቤት ነው፤ እሱ ደም ሲያይ ራሱን ያዞረዋል። ነገ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡት ነው አሉ። እኔ ደግሞ ዛሬ ልውለድ ነገ አላውቅም።»

አሰጋሽ «እናጣራለን» ብላ አለፈች። ግን የዶሮዋ ነገር ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ ምናልባት እሷም እሁድ ሮጣ ይሆን? ሻይዋን ሳትጨርስ መኪና አስነሳች።

መጀመሪያ የሄደችው ሱሉልታ ነው። ጉታ በቴሌግራም ቻናሉ የጠፈር ጦርነት ጌም ምክር እየጻፈ ያስተምር ነበር። በጌሙ ሰው በአንዲት ፕላኔት ይጀምራል፤ ማዕድን ያወጣል፣ ጉልበት ያመነጫል፣ መርከብ ይሠራል፣ ከዚያ የጎረቤቱን ኮከብ ይነጥቃል። ጌሙ ሲያስቸግር ምን እንደሚደረግ፣ ጠላት ሲበረታ በየት እንደሚገባ፣ ጉታ የማይጽፈው አልነበረም። ፈረንጅኛ ስለሚያንገሸግሸው ለሁሉም አማርኛ ስም ያወጣለታል። ከተከታዮቹ ሁሉ ስሙ የገነነው የሱሉልታው ቢኒ ነው፤ የሦስቱ ከተሞች፣ የቡራዩ፣ የሱሉልታና የሰበታ፣ የጌም ዋንጫ ባለቤት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ናይሮቢ ለውድድር የሚሄድ።

ቢኒ ጌም ቤቱ ውስጥ ቆሞ ተቀበላት። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጉታ ጋ ነበርክ አሉ እሁድ።»

«አዎ፣ ስምንት ሰዓት ላይ። ለናይሮቢ ምክር ልስጥህ ብሎ ጠርቶኝ ነው። ዘጠኝ ሳይሞላ በሩ ድረስ ሸኘኝ። አስር ሰዓት ላይ እዚሁ ነበርኩ፤ ልጆቹን ይጠይቋቸው።»

ኮምፒውተሩ ላይ የተተከሉት ጎረምሶች ቀና ሳይሉ «ነበረ፣ ነበረ» አሉ።

«እኔ ስወጣ ጌሙን እየተጫወተ ነው የተውኩት» ሲል ቀጠለ ቢኒ። «ሴቩን ማየት ነው፤ ከሄድኩ በኋላም ተቀምጧል።»

«ምን ምክር ሰጠህ?»

«ያው የሁልጊዜውን። ‹አዳኙን አጥፉ› ይላል፤ ቻናሉ ላይም ስንቴ ጽፎታል። የጠላትን አዳኝ መርከብ መጀመሪያ ድፋው ማለቱ ነው። እኛ ሱሉልታዎች ከዚያ ነው የምንጀምረው።»

አሰጋሽ ጻፈች። ልቧ ግን አልረጋም፤ መኪናዋን ወደ ሰበታ አዞረች። እዚያ ወንዲ አለ፤ የጉታን ኮምፒውተሮች የሚጠግን፣ እሱም እሁድ ረፋዱ ላይ ቡራዩ የነበረ ሰው። ወንዲ ጠረጴዛው ላይ የተፈታታ ኮምፒውተር ዘርግቶ ብየዳ ላይ ነበር። ብዙም የሚናገር አይመስልም፤ ስለዚህ ወረቀቷን ከነላስቲኳ ከፊቱ አኖረችለት።

ወንዲ ጮክ ብሎ አነበባት። መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ምስኪን ጉታ! ይቺን ሲጽፍ እኮ አጠገቡ ነበርኩ።»

አሰጋሽ ግን ሌላ ነገር ነው የሰማችው። ወንዲ ሲያነብ «ዳ»ን አላላት።

«እስቲ ድገመው። አዳኙ ያልከው እንዴት ነው? አንበሳ አዳኝ አይደለም እንዴ?»

«ኧረ ኢንስፔክተር! ነፍስ አዳኝ እንጂ! ጌሙን በየአስር ደቂቃው በራሱ የሚያስቀምጠውን፣ እኛ አውቶሴቭ የምንለውን፣ ጉታ አዳኝ ነው የሚለው። ከጥፋት ስለሚያድን። የሱ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ አዳኙ በርቶ አንድ ሰዓት ከሠራ ስታክ ያደርጋል። ስለዚህ ምንጊዜም አጥፍቶ ነው የሚጫወተው። እሁድ ጠዋት ጌሙን አፕዴት ሲያደርግ አዳኙ በራሱ በራበትና ተናደደ፤ ‹ይሄ ነገር ይገድለኛል› እያለ እንዳይረሳ ይቺን ለጠፋት። አራት ሰዓት ላይ አፕዴቱ እንዳለቀ ዓይኔ እያየ አጠፋው።»

አሰጋሽ ማንም ተቀመጪ ሳይላት ተቀመጠች። አንዲት ፊደል አጥብቃ ሰው አስራለች! እህቲቱንም ወረቀቷን ብታሳያት በአንድ ቃል ነገሩ በቀናላት ነበር፤ እሷ ግን የራሷን ንባብ ነው የጠየቀቻት። ፊቷ በሀፍረት ጋለ።

«ካጠፋው ታዲያ» አለች በመጨረሻ ለራሷ፣ «ማን አበራው?»

ከሰዓት ቡራዩ ተመልሳ ድንቅቱን ከለቅሶው መሃል ይቅርታ ጠይቃ አስነሳቻት። ባለሙያው የገለበጣቸውን ሰባት ፋይሎች በተራ ከፈቱ። ድንቅቱ የመጀመሪያውን፣ የዘጠኝ ሰዓቱን፣ እንዳየች ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄ ጉታ አይደለም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«እዚህ ጥግ ላይ ያለው ቁጥር ጉልበት ነው። ከዜሮ በታች ወርዷል። ጉታ ለጀማሪ መጀመሪያ የሚነግረው ምን መሰለዎት? ከመርከብ በፊት ጉልበት! ጉልበት ከዜሮ ከወረደ ማዕድኑም መርከቡም ይቆማል፤ ሌላውን ሁሉ ጥለህ እሱን አስተካክል ነው የሚለው። እሱ ለደቂቃ አይታገሰውም።» ቀጣዩን ከፈተች፣ ከዚያ ቀጣዩን። «እየባሰበት ነው የሄደው። ጠላት ሦስት ፕላኔት ወሰደበት። አንድም ትእዛዝ የሰጠ የለም። ጌሙ ብቻውን ነው የሮጠው።»

ድንቅቱ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ያየችው ነገር ምን ማለት እንደሆነ የገባት ያኔ ነው።

«ወንድሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞቶ ነበር፣ አይደል?»

አሰጋሽ አቀፈቻት።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ አክመል ፍርድ ቤት ሊቀርብ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ አሰጋሽ ሁሉንም እዚያችው ጌም ቤት ሰበሰበቻቸው። ድንቅቱ ጥቁር ለብሳለች። ወንዲ ግድግዳ ተደግፏል። ቢኒ በሩ አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። አክመል ከነካቴናው በሁለት ፖሊስ መሃል ነው፤ ሰይዳም አትገቢም ብትባል አሻፈረኝ ብላ ገብታ ባሏን ፊት ለፊት ትመለከታለች።

«ቢኒ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ» አለች አሰጋሽ ወረቀቷን ዘርግታ።

ቢኒ አነበበ። «ዳ»ን ጥብቅ አድርጎ።

«ድንቅቱ፣ አንቺስ?»

ድንቅቱ አነበበች። አላልታ። አክመል ቀና ብሎ «ለዚህ ነው እንዴ የታሰርኩት?» አለ ካቴናውን ከፍ አድርጎ።

«ለዚህ ነው። እኔም አጥብቄ ነው ያነበብኩት» አለች አሰጋሽ ወዲያ ወዲህ መንጎራደድ ጀምራ። «አሁን ልብ በሉ። ጉታ እሁድ አራት ሰዓት ላይ አዳኙን አጥፍቷል፤ ወንዲ አይቷል። ከሰዓት ግን በርቶ ሰባት ፋይል አስቀምጧል። ጉታ አላበራውም፤ እንደ ጠላቱ ነው የሚያየው። ወንዲም አክመልም ድንቅቱም አያበሩትም፤ ይቺ ኮምፒውተር ስታክ እንደምታደርግ ቡራዩ ሁሉ ያውቃል። ያበራው ይሄን የማያውቅ ነው፤ ‹አዳኙን አጥፉ› የሚለውን ምክር ስለ መርከብ የተጻፈ የመሰለው።»

ቢኒ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ለምን አበራው? ጉታ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም በሕይወት ያለ እንዲመስል። ፋይሎቹ ውስጥ ግን ሕይወት የለም፤ ጉልበቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ማንም አላነሳውም። ጉታ ከዘጠኝ በፊት ሞቷል። እስከ አስር ሰዓት መኖሩ የሚጠቅመው ማንን ነው? አክመልን? እሱን ገደል የከተተው ይኸው አስር ሰዓት ነው። ወንዲ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሰበታ በደንበኛ ተከቦ ነበር፤ ድንቅቱ መናገሻ ነበረች። አስር ሰዓት ላይ ሩቅ አገር ምስክር የሰበሰበ አንድ ሰው ነው።»

«በፊደል ሰው ይከሰሳል እንዴ?» አለ ቢኒ። ድምፁ ግን ቀጥኗል።

«በፊደል አይደለም፣ በአፍህ ነው። ሰኞ ጠዋት ‹ሴቩን ማየት ነው፤ ከሄድኩ በኋላም ተቀምጧል› አልከኝ። የፋይሎቹን ነገር ከእኔና ከባለሙያው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ይቺ ኮምፒውተር ደግሞ ከነጭራሹ በራሷ ሴቭ አታደርግም። አንተ ካላበራኸው እንደሚቀመጥ በምን አወቅህ?»

ቢኒ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ።

«ወረቀቷንም አየሃት። ‹አዳኙ ይገድለኛል› ትላለች ብለህ፣ ለአክመል ማጥመጃ ትሁን ብለህ ተውካት። እሷ እኮ አዳኙን አታብራ እያለችህ ነበር!»

«ለምን ብዬ ጉታን እገድላለሁ?»

«እኔ ልንገርህ» አለች ድንቅቱ። «ዋንጫውን የወሰድከው የጌሙን ፋይል ነካክተህ መሆኑን ጉታ ደርሶበት ነበር። ስምህን ባይነግረኝም አሁን ገባኝ። ‹ቻናሉ ላይ አውጣውና ይዋረድ› ስለው ተቆጣኝ። ‹የሰው ገመና አደባባይ አይወጣም፤ ብቻውን ጠርቼ እነግረዋለሁ› አለኝ። ገመናህን ሊሸፍንልህ ነው የጠራህ!»

ቢኒ በሩ ሥር ቁጭ አለ።

«ራስህ ተናገርና ናይሮቢን ተው አለኝ። እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። ምን ብዬ ልመለስ? ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ ሲያዞር ብረቱ እጄ ላይ ነበር...» ከዚያ በኋላ ያለው ለቅሶ ነው።

ፖሊሶቹ ሲያነሱት አሰጋሽ የአክመልን ካቴና በራሷ እጅ ፈታች። የእጁ አንጓ ላይ ቀይ መስመር ወጥቷል።

«ይቅርታ፣ አክመል። ጥፋቱ የኔ ነው። ሰይዳ፣ አንቺም ይቅር በይኝ።»

ሰይዳ የባሏን እጅ ይዛ ቀዩን መስመር በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

«እርስዎ ያጠበቁት አንዲት ፊደል ነው፣ ኢንስፔክተር» አለች ቀና ሳትል። «የጠበቀው ግን እዚህ ነው።»

ባልና ሚስቱ ቀስ እያሉ እስኪወጡ ድረስ አሰጋሽ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

የዚያኑ ዕለት ከቀብር መልስ ድንቅቱ የወንድሟን ቻናል ከፍታ የመጨረሻ ምክሩን እንደገና ለጠፈችው፤ ከሥሩ የራሷን ሁለት ቃል ጨምራ።

«አዳኙን አጥፉ። ላልቶ ይነበብ።»