የረጀብ ባለሸራ ሶፋ

ረጀብ የሞተው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ነው። ሶፋው ግን ጎማና ሸራ ተገጥሞለት በጀበል ሐፊት ተራራ ግርጌ ቁልቁል ይበር ነበር። ከአል ዐይን አቡ ዳቢ በየቀኑ በአውቶቡስ መመላለስ ያንገሸገሸው ይህ የሱቅ ሠራተኛ፣ ሰውን ሁሉ በነፋስ ኃይል ወደ ሥራ አደርሳለሁ ብሎ ነበር የተነሣው። አበደ ያሉት ብዙ ናቸው፤ የጠላው ግን አልነበረም።

ፖሊስ የፍሬኑን ካቮ፣ ፍሬን የሚይዘውን ሽቦ፣ ከማሰሪያው ተፈትቶ አገኘው። ጥርጣሬው ሶፋውን በሠራው መካኒክ፣ በሸሪፍ ላይ ወደቀ። በዋስ ቢለቀቅም ነገ ዓቃቤ ሕግ ፊት ይቀርባል። የረጀብ ሚስት ነጅማ፣ ቀድሞ ደሴ የፖሊስ መርማሪ የነበረችውን ቱርኪያን አስጠራች።

«ነፋስ በመጣ ቁጥር የሶፋው ጎማ ድምፅ ይሰማኛል» አለቻት። «ገዳዩ ሸሪፍ መሆኑን አረጋግጪልኝና እንቅልፌን ልተኛ።»

አል ጂሚ ሰፈር ባለው በነጅማ ቤት ተሰበሰቡ። ነጅማ፣ ሸሪፍ፣ እንዲሁም ረጀብን ለአስቂኝ ዘጋቢ ፊልም ዓመት ሙሉ በራሱ ወጪ ሲቀርጽ የከረመው ሙንዲር።

«ረጀብ ከመነሣቱ በፊት ሶፋው ጋ ማን ነበር?» አለች ቱርኪያ።

«እኔ ፍሬኑን አጥብቄ ለሶላት ሄድኩ» አለ ሸሪፍ። «ወላሂ አጥብቄዋለሁ። አሁን ግን እጄን ራሴ አላምነውም።»

«እኔ መኪና ውስጥ ምሳ አዘጋጅ ነበር» አለች ነጅማ።

«እኔ ካሜራዬን ስተክል ነበር» አለ ሙንዲር።

«እስቲ የቀረጽከውን ክፈተው።»

ፊልሙ ሲበራ ሟቹ ግድግዳውን ሞልቶ ብቅ አለ። «ካፊሌ፣ አሠሪዬ፣ ለምን አረፈድክ ካለኝ፣ ነፋሱ ተኝቶ እለዋለሁ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ቤቱን ሲሞላው ነጅማ ፊቷን ሸፈነች። ቱርኪያ የሙከራዎቹን ሁሉ ቅጂ አንድ በአንድ አየች። በመጨረሻው ላይ ረጀብ «ሙንዲር! ሙንዲር!» እያለ በሶፋው ወደ ካሜራው መጣ።

«ረጀብ ሁልጊዜ ሶፋውን የት ነበር የሚያቆመው?»

«ለምልክት ያኖርነው ነጩ በርሜል ጋ» አለ ሙንዲር።

«በዚያ ቀንስ የካሜራውን ቦታ ማን መረጠልህ?»

«ራሴ ነኛ! ማን ይመርጥልኛል?»

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ቱርኪያ። «በሌሎቹ ቀናት ሁሉ ካሜራው በርሜሉ ጋ ቆሞ ይጠብቀዋል። በዚያ ቀን ግን በርሜሉን አልፎ፣ ማዶ ኩርባው ላይ ተተክሏል። ፍሬን ያለው ሰው እዚያ አይደርስም። እንደሚደርስ ያወቀው ፍሬኑን የፈታው ብቻ ነው። ሸሪፍ ሶላት ላይ፣ ነጅማ መኪና ውስጥ ነበሩ። ሶፋው ጋ የቀረኸው አንተ ነህ።»

ሙንዲር ፊልሙን አጠፋው።

«ፊልሙ መጨረሻ አጣ። አሸዋ ላይ ይገለበጣል፣ ሰው ይስቃል ብዬ ነው። የተጋጨበትን ድንጋይ አላየሁትም። አሁንም ይጠራኛል፤ ጆሮዬን ብይዝም ይጠራኛል።»

ቱርኪያ ወደ ፖሊስ ደወለች። ነጅማ ሙንዲርን ዞራም አላየችው፤ ሄዳ ሸሪፍ እግር ሥር ቁጭ አለች። ሳምንቱን ሙሉ በልጆቿ ፊት ነፍሰ ገዳይ ስትለው ነው የከረመችው።

«አፉ በለኝ፣ ሸሪፍ።»

ሸሪፍ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጓደኛዬን የገደልኩት እኔ ነኝ ብሎ እሱም አምኖ ነበርና፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።