ጀልባ እስኪያልፍ

ኬዚያ ሩበንን ከወደደችው ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ አብረው ያወሩት ሁሉ ተጠራቅሞ ቢሰፈር ግን አንድ ሰዓት አይሞላም። እሱ በጀልባው ሽቅብ፣ እሷ በጀልባዋ ቁልቁል፣ በጠባቡ ቦይ ላይ ጎን ለጎን ሲተላለፉ ነው የሚነጋገሩት። «ደህና ነሽ?» ይላታል። «አለሁ!» ትለዋለች። «ቀይ ሻርፕ ያምርብሻል!» የሚለው ድምፁ ከኋላዋ ይደርሳታል። ከዚያ ሦስት ሳምንት ዝም።

አባቷ ኢኖክ የድንጋይ ከሰል ያመላልሳል። ሞተር ያለውን ጀልባ እሱ ይነዳል፤ ከኋላ በገመድ የሚጎተተውን ኬዚያ ትመራለች። እናቷ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ የእናቷን መሪ የያዘችው እሷ ናት። በተጎታቹ ጓዳ ውስጥ አልጋው ሲዘረጋ መቆሚያ አይተርፍም። እጆቿን ስትዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ ትነካለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ግድግዳዎቹ እሷን የሚነኳት ይመስላታል።

በኅዳር አንድ ቀን፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ሩበን የቦዩን ውሃ ገድቦ በሚይዘው በታችኛው የውሃ በር አልፎ መጣና ጀልባውን ከእነሱ አጠገብ አሰረ። ኬዚያ ባልዲ አንጠልጥላ ወረደች።

«የመጨረሻ ጉዞዬ ነው፤» አላት። «ወንድሜ ተጎታቹን ሸጦ ከተማ ገባ። ጭነት ሰጪዎቹ ያለ ተጎታች ጭነት የለም አሉኝ። ሰኞ የመኪና ፋብሪካ እገባለሁ።»

«ነገ ትሄዳለህ ማለት ነው?»

«ገና ሲነጋ። አብረሽኝ ነይ።»

«አባቴስ? ማን ይመራለታል?»

ሩበን ባልዲዋን ተቀብሎ ውሃ ሞላላትና ወደ ጀልባው ጓዳ ገባ።

በቦይ ላይ የተወለደ ልጅ ገና በእግሩ ሳይሄድ የሚማረው አንድ ሕግ አለ። ካለፍክ በኋላ በበሩ ሥር ያሉትን የውሃ መዝጊያዎች ዝጋ፤ አለዚያ ውሃው ተንጠፍጥፎ የሰው ጀልባ ጭቃ ላይ ይቀራል። ኬዚያ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ሌሊት ግን ወደ ታችኛው በር ሄዳ መዝጊያ የሚከፈትበትን የብረት ማዞሪያ ከመቀነቷ መዘዘች፤ መዝጊያዎቹን ከፈተቻቸውና እንደተከፈቱ ትታቸው ተመለሰች።

ሲነጋ ሦስቱም ጀልባዎች ጭቃ ላይ ተጋድመዋል።

«ማነው ይሄን ያደረገው እንከፍ?» ኢኖክ ጮኸ። «በታችኛው በር በመጨረሻ ያለፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ ኢኖክ፤» አለ ሩበን አንገቱን ደፍቶ። «የዘጋሁ መስሎኝ ነበር።»

«መስሎኝ! አባትህ አርባ ዓመት ሲነዳ ጠብታ አላፈሰሰም። ሂድ፣ ፋብሪካህ ግባ! እዚያ የምትደፋው ውሃ የለም።»

ለጀልባ ሰው ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ኬዚያ ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። የሩበን ፊት ሲቀላ ስታይ ግን ወደ አባቷ ቀረበች።

«እኔ ነኝ የከፈትኩት።»

«ረስተሽ ነው?»

«አውቄ ነው፣ አባዬ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጀልባ እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ነው ያየሁት። አንድ ቀን እንኳ ቆሞ ልየው አልኩ። እኔ እንደታሰርኩ እሱም ይታሰር አልኩ። ክፋት ነው፤ ይገባኛል።»

ሩበን ቀስ ብሎ፣ «ብትነግሪኝ እኮ ራሴ እከፍተው ነበር፤» አለ።

«አንተ ዝም በል!» አለ ኢኖክ። እስከ ቀትር ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀመጠ።

መዝጊያዎቹ ከተዘጉ በኋላ የላይኛው በር ጠባቂ ውሃ ለቀቀላቸው። ጀልባዎቹ እየተንገጫገጩ ተነሡ። ኬዚያ መሪዋን ይዛ እንደ ሁልጊዜው ገመዱ እስኪወጠር ጠበቀች። ገመዱ አልተወጠረም። ኢኖክ ፈትቶት፣ ጫፉን ይዞ ወደ ሩበን ጀልባ እየሄደ ነበር።

«እንካ። ያለ ተጎታች ጭነት የለም አላሉህም? ይኸው ተጎታች። መሪዋን የያዘችው ልጅ ግን ውሃ ትሰርቃለች፤ ዕወቅበት።»

«አባዬ! አንተስ?»

«ቦይ የሚጠርጉት ሰዎች ጭቃ የሚያመላልስላቸው ጀልባ ከፈለጉ ቆዩ። ላንድ ሰው የሚበቃ ሥራ ነው። ኮርቼ ነው እምቢ ያልኩት።» የገመዱን ጫፍ ለሩበን ለቀቀለት። «ኩራት ብቻም አይደል። አንቺ እዚያ ስትቆሚ እናትሽ ከኋላዬ ያለች ይመስለኛል። እንዳላጣት ብዬ ስድስት ዓመት ዞር ብዬ አላየሁሽም።»

ኬዚያ ዘላ ወርዳ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«በቃ፣ በቃ። እሑድ ላይኛው መንደር ቤተ ክርስቲያን ልድራችሁ እመጣለሁ። እስከዚያ እሱ በሞተሩ ጀልባ፣ አንቺ በተጎታቹ ታድራላችሁ። ሰምተሃል፣ ሩበን?»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ ኢኖክ።»

እሑድ ተጋቡ።

ከገና በኋላ አንድ ጠዋት ኬዚያ ከሩበን ኋላ ተጎታቹን ስትመራ፣ ጭቃ የጫነ ጀልባ ከፊት ለፊት ብቅ አለ። ኢኖክ እስከ ጆሮው በጭቃ ተለውሷል።

«ደህና ነሽ?»

«አለሁ፣ አባዬ! አንተስ?»

«አለሁ!»

ልትነግረው ያሰበችው ብዙ ነበር፤ ጀልባው ግን አለፈ። ዕንባዋን በሻርፗ ጠርጋ ወደ ኋላ ዞረች። ኢኖክም ዞሮ እያያት ነበር።

«መዝጊያውን መዝጋት እንዳትረሺ!» ሲል ጮኸ።