ክዳን ላይ የተጻፈ

ሰው የፍቅሩን ነገር ሲያወራ ከዓይን ይጀምራል። የእኔ የጀመረው ከጓንት ነው።

ትምህርት ሲዘጋ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እየከፈለ ሥራ የሚያስለምድ ላቦራቶሪ ነበር። ግድግዳው ከተሰነጠቀው ትምህርት ቤታችን እኔ ተመረጥኩ። አባቴ አላመነም።

«እየተማርክ ሊከፍሉህ?» አለ። «እንዲህ ያለ ሞኝ ካለ እኔንም አስመዝግበኝ።»

የተቀበሉት ሁለት ተማሪ ነው። መጨረሻ ላይ ከሁለታችን አንዱ፣ ከትምህርት መልስ እየሠራ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል ተባለ። አባቴም ቁርጡን ነገረኝ፤ ቦታውን ካገኘሁ እማራለሁ፣ ካጣሁ ትምህርቱን ትቼ አጎቴ ቀለም መሸጫ እገባለሁ።

ሌላዋ ተማሪ፣ ከደህናው ትምህርት ቤት የመጣችው፣ እሷ ነበረች። ሥራውን የሚያስተምሩን ሴትዮ፣ እትዬ የምንላቸው፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ስም አወጡልን። እሷን «ሳቂታ»፣ እኔን «አኩራፊው»።

ያን ቀን ጓንት ማጥለቅ አቃተኝ። ሁለት ጣቴ አንድ ላይ እየገባ ያስቸግረኛል። ሳቂታ ስቃ ስቃ ሲበቃት እጄን ያዘችና ጣት በጣት አስገባችልኝ።

«ሕፃን እንደማልበስ ነው» አለች።

«ሕፃን አይደለሁም።»

«በል አኩርፍ እንግዲህ!»

አኮረፍኩ። ማታ ስንወጣ ግን ጓንቱን ማውለቅ አስጠላኝ።

ሥራችን ውሃ መመርመር ነው። ከየጉድጓዱ የመጣውን ውሃ፣ ክዳን ባላት ትንሽ ሳህን ውስጥ ጀርም በሚበላው፣ እንደ ጄሊ በረጋ ምግብ ላይ እንቀባለን፤ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ያድራል። ውሃው ጀርም ካለበት ሳህኗ ነጠብጣብ ታወጣለች። እኔ እቀባለሁ፣ እሷ በማርከር ቁጥሩን ትጽፋለች። እትዬ ሳይሰለቹ የሚሉት አንድ ነገር ነበር።

«ልጆቼ፣ ክዳን ላይ እንዳትጽፉ! ክዳን ይለዋወጣል። ሳህኗ ራሷ ላይ፣ ከሥሯ ጻፉ።»

እትዬ በሌሉበት ቀን ሳቂታ ክዳን ላይ ጻፈች። ለምን እንደሆነ ኋላ ጠየቅኳት። «እያወራኸኝ ነበራ» አለች። እውነቷን ነው። ተምሬ ስጨርስ ምን እንደምሆን እየነገርኳት ነበር።

በማግሥቱ ነጠብጣቡን ልትቆጥር ክዳኖቹን ከፍታ ደረደረች፤ መልሳ ስትከድን ተለዋወጡ። የአንድ ሰፈር ንጹሕ ጉድጓድ ቆሻሻ ነው ተብሎ ተዘጋ። እናቶች ባዶ ጀሪካን ይዘው ሲንከራተቱ ሰነበቱ። ውሃው ዳግም ሲመረመር ጉዱ ወጣ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ዶክተሩ፣ ሳህኖቹን ይዞ መጥቶ ፊታችን ቆመ።

«ቁጥሩን የጻፈው ማነው?»

ቁጥር የማንም እጅ ሊመስል ይችላል። እኔ ሳቂታን አየኋት፤ እሷ ጫማዋን አየች። ነገሩ ከእኔ አፍ እንዲወጣ አልፈለግኩም። ከእሷ አፍ እንዲወጣ ጠበቅኩ።

ዶክተሩ ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኘኝ።

«ከዚያ ትምህርት ቤት ስንቀበል ይኼን ማወቅ ነበረብን» አለ። «ጋዋኑን አስቀምጠህ ሂድ።»

የተማርኩትን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ግን ዛሬም ቃል በቃል እወጣታለሁ።

አጎቴ ቀለም ቤት ገባሁ። በሳምንቱ ሳቂታ መጣች፤ ሳቅ የለ፣ ምን የለ። በሩ ላይ ቆመች።

«ለዶክተሩ ነገርኩት» አለች።

«ምኑን?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት አልኩት። አስወጣኝ። ቦታው ያንተ ነው። እትዬም ቶሎ ይምጣ ብለዋል።»

«እሱስ ይምጣ ብሏል?»

የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠመዝዝ ጀመር።

«ይቅርታ ብሏል?»

«እንደሱ ያለ ሰው ይቅርታ ይላል እንዴ? አንተ ብቻ ግባና ተማር!»

«በተባረርኩበት በር አልገባም።»

«ታዲያ እኔ ለምን ተናገርኩ?»

«ያኔ፣ እኔ ቆሜ ለምን አልተናገርሽም?»

«ፈራሁ» አለች። «ደግሞ እያየኸኝ ነበር። ባታየኝ እናገር ነበር።»

ይሄኔ አጎቴ ከጓዳ ጮኸ።

«አንተ! ነጭ ብለህ የሸጥከው ክሬም ነው ብሎ ሰውየው መለሰው! ክዳኖቹን ማነው ያቀያየረው?»

ሳቂታ ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች። አጎቴ እየበጠበጠ የሚሸጠው ቀለም ስሙ የሚጻፈው ክዳኑ ላይ ነበር። እኔን አየችኝ። አየኋት። ማናችንም አልሳቅንም። ከቦርሳዋ ማርከር አወጣችና የተመለሰውን ጣሳ ሆዱ ላይ «ክሬም» ብላ ጻፈችበት። ሁለተኛውን ጣሳ ያዝኩላት። ሱቁ እስኪዘጋ እኔ ስይዝ እሷ ስትጽፍ አመሸን።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት መልስ በየቀኑ ትመጣ ነበር። ተጋባን። ሱቁም የእኛ ሆነ። ስንጣላ እሷ «ብትመለስ ኖሮ» ትላለች፤ እኔ «ያኔ ብትናገሪ ኖሮ» እላለሁ። ሁለታችንም ልክ ነን፤ እኔ ግን ትንሽ እበልጣለሁ። በዚያ ላቦራቶሪ በር አላልፍም፤ ዞሬ ነው የምሄደው።

ትናንት ልጃችን ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች።

«አባዬ፣ ተመረጥኩ! ላቦራቶሪ፣ እየከፈሉ የሚያስለምዱት!»

የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እዚህ ያለው አንድ ነው። ደረቴ ላይ ያ የዶክተሩ ዓረፍተ ነገር ተነሳ። ልጄ አፍ አፌን ታያለች። ሳቂታ ግን አላየችኝም። እንደ ያኔው ጫማዋን እያየች ቆመች፤ ሰው እየታየ መናገር እንዴት እንደሚከብደው ታውቃለች።

«ሂጂ» አልኩ። «ክዳን ላይ ግን እንዳትጽፊ።»

ልጄ አልገባትም። እናቷ ግን ቀና ሳትል ሳቀች፤ ጓንት ስታጠልቅልኝ የሳቀችውን ሳቅ።