«ልብስ ነው» ብሎ የመለሰው እጅ

የወደቡ የጫኞች አለቃ ኮንቴይነር ወርዶበት ሞተ። ሽማግሌው መርማሪ ሲደርሱ ሬሳው ተነሥቷል፤ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ተረኛዋ ልጅ በካቴና ታስራ ተቀምጣለች።

ክሬኖቹን የሚነዳው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ሠራተኞቹ ሲያሽሟጥጡ «አስተዋዩ» ይሉታል። ከሥሩ አንጸባራቂ ሰደርያ ካየ ቀጥ ይላል። ጫኞቹ ይህን ካወቁ ወዲህ፣ ማረፍ ሲያምራቸው ሰደርያ ምሰሶ ላይ ይሰቅሉለታል። ስለዚህ በቆመ ቁጥር መቆጣጠሪያ ክፍሉን ይጠይቃል፦ ሰው ነው ወይስ ልብስ? ጠዋት አለቃው የተሰቀለ ሰደርያ ሊያነሣ ገባ። ማሽኑ ቆሞ ጠየቀ። «ልብስ ነው» የሚል መልስ ሄደለት።

«በእሷ የይለፍ ቃል ነው የተመለሰው» አለ የወደቡ ኃላፊ። «ሌላ ምን ይመረመራል?»

«መታጠቢያ ቤት ነበርኩ» አለች ልጅቷ። «ኮምፒውተሩን ክፍቱን ትቼው ወጣሁ።»

«መች ከዚያ ትጠፊያለሽ?» አላት ኃላፊው።

«አንተስ የት ነበርክ?» አሉት መርማሪው።

«ቢሮዬ። ብቻዬን።»

በመስታወቱ በር አጠገብ የቆመው ጎልማሳ የክሬን ነጂ ነበር፤ ማሽኑ ሲመጣ ወርዶ ታች ያለው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበ።

«ሟቹ ምንህ ነው?» አሉት መርማሪው።

«የእህቴ ባል። ማሽኑ ይበቃል፣ እሱን አውርዱት ብሎ የፈረደብኝም እሱ ነው። ፍቅራችንን ከዚህ ይገምቱት።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ግምጃ ቤት። የገደለው ያ ቆርቆሮ ማሽን ነው፤ እሱን ይሰሩት።»

መርማሪው የክሬኑን ቪዲዮ ደጋግመው አዩ። ከዚያ የልጅቷን ካቴና አስፈቱ።

«ሦስታችሁም ተራ በተራ ያለ ማሽኑ፣ በእጅ መንጃው ባዶ ኮንቴይነር አውርዱልኝ።»

«ጨዋታ መጣን?» አለ ኃላፊው። ተቀምጦ ጓ አድርጎ ጣለው። ልጅቷ ስትነዳው እየቆመ እየተንገጫገጨ ወረደላት። ነጂው ትንሽ ከፍ አደረገው፣ ለአፍታ ያዘው፣ ከዚያ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው አወረደው።



«ማሽኑ ራሱ ሲያወርድ ደወል ይደውላል» አሉ መርማሪው። «የጠዋቱ ቪዲዮ ላይ ደወል አይሰማም። መልሱን የሰጠው ሰው ማሽኑን ካስለቀቀ በኋላ በእጁ ነው ያወረደው። ቪዲዮው ላይ ኮንቴይነሩ መጀመሪያ ከፍ ይላል፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው አረጋግቶ ማውረድ የለመደ ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው። እነዚህ ሁለቱ አይችሉበትም። አንተ ከግምጃ ቤት ወጥተህ ወንበሩን ባዶ አገኘኸው፤ ካሜራው ላይም የእህትህን ባል አየኸው።»

ነጂው እጁን አየ። «ልማድ ነው።»

«አዎ። ሰው ላይ ስታወርድም አልተውከውም።»

ከልጅቷ እጅ የወለቀውን ካቴና አጠለቁለት።

«ለእህቴ እኔው ልንገራት» አለ።

መርማሪው የመስታወቱን በር ከፈቱ። ፈተናውን በመስታወቱ ስታይ የቆየችው የሟቹ ሚስት ደጅ ቆማለች።

«አትንገረኝ» አለችው። «አሁን ስታወርድ አይቼሃለሁ።»