ማሳዬን ማን ነካው?

እንጅባራ ውስጥ ሰው ሲሞት ምክንያቱን የማያውቅ ሰው አይገኝም። ኢንስፔክተር ማናለብሽን ያበሳጫትም ይኸው ነበር። ከዳንግላ ተጠርታ ስትደርስ ሬሳው ተቀብሯል፤ ተጠርጣሪው ታስሯል፤ ሳጅን አሳምነውም መዝገቡን ለመዝጋት ቸኩሏል።

«ነገሩ አልቋል፣ ኢንስፔክተር። ገዳዩ ወንድምየው ክንዴ ነው። የእርሻ ጥል።»

«ካለቀ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

«ክንዴ አላምን አለና ነው።»

ሟቹ አቶ ዓባይነህ ከግብርና ሥራ ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። በጨረታ የገዟትን አሮጌ ላንድሮቨር ግቢያቸው ባለው የቆርቆሮ መጠለያ አቁመው፣ የኤሌክትሪክ መስመሯን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነቅለው፣ በገዛ እጃቸው አዲስ ሽቦ ሲዘረጉላት ከረሙ። ያን ዕለት ከምሳ በኋላ መኪናዋ ከቆመችበት ዘላ ከግቢው የድንጋይ ግድግዳ ጋር አጣበቀቻቸው። ገበያ ከሄዱት ባለቤታቸው ከወይዘሮ እመቤት ጋር በስልክ እያወሩ ነበር። የመጨረሻ ቃላቸው «ማሳዬን ማን ነካው?» የሚል ጩኸት ነው።

ታናሽ ወንድማቸው ክንዴ ደግሞ በዚያው ጧት ከአዲስ ቅዳም መጥቶ ነበር። የአባታቸው ማሳ ላይ ጤፍ ይዘራ ወይስ የከሰል ግራር ይተከል በሚል ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ማሳ፣ ጥል፣ ሞት። ለሳጅን አሳምነው ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል!

ማናለብሽ ከሳጅኑ ጋር መጠለያው ውስጥ ገባች። ስለ መኪና የምታውቀው መንዳት ብቻ ነው፤ ያም አናደዳት። ከአዲሶቹ ሽቦዎች አንዱ ነዶ ጠቁሯል። ከባትሪው የወጣ አንድ ወፍራም ገመድ ከመኪናዋ የብረት አካል፣ ከሻንሲው ጋር በሚያብረቀርቅ ብሎን ታስሯል።

«ኪሳቸው ውስጥ ምን ተገኘ?»

«የመኪናዋ ቁልፍና አንድ የዛገ ብሎን።»

«ቁልፉ ኪሳቸው ከነበረ መኪናዋን ማን አስነሳት?»

«ክንዴ ገፍቷት ነዋ! ሬሳውን ያወጣነውማ በስንት መከራ መሰለሽ። ማርሽ ውስጥ ገብታ፣ ስድስት ጎረምሳ በገመድ እየጎተተ...»

«ስድስት ጎረምሳ በመከራ የጎተታትን ክንዴ ብቻውን ገፋት?»

ሳጅኑ ጆሮውን አከከ።

ወይዘሮ እመቤት ጥቁር ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የክንዴን ስም መስማት አይፈልጉም።

«ይህን የዛገ ብሎን ያውቁታል?»

«ሥራ ሲጀምር ከመኪናዋ ፈትቶ ኪሱ ይከተዋል። ‹ይህ እኔ ጋ እያለ ምንም አትሆንም፤ አትፍሪ› ይለኝ ነበር።»

«ከክንዴ ጋር ሲጣሉ ምን ይባባላሉ?»

«በአዊኛ ነው የሚጣሉት። እኔ የቢቸና ልጅ ምኑን ሰምቼው? ያን ዕለትም ክንዴ ተቆጥቶ ከምሳ በፊት ወጣ። ተመልሶ መጥቶ ገደለብኝ።»

«ሌላ የመጣ ሰው አለ?»

«ባለቤቴ ሥራውን አቋርጦ ምሳ ላይ ሳለን ወገኔ መኪናዋን ልያት ብሎ ገባ። ብላ ብንለው በልቻለሁ ብሎ ሄደ።»

ወገኔ ጎረቤት ያለ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ነው። ላንድሮቨሯን ዓመት ሙሉ ደጁ አቁሞ «ይህቺ አትሠራም» ብሎ የመለሰ እሱ ነበር። አቶ ዓባይነህ ራሳቸው ሲጀምሯት ከተማው በወገኔ ይስቅ ጀመር።

«ምን ያጠያይቃል?» አላት ደጁ ድረስ ሄዳ ስትጠይቀው። «‹ማሳዬን› ብለዋል እኮ! ሰው እንዲህ የሚጮኸው እርሻውን ሲነኩበት ነው። ጋሽ ዓባይነህን የበላቸው መሬት ነው።»

ማናለብሽ ተስፋ ቆርጣ ወጣች። ዝናብ ጀምሯል፤ ኔትወርክ የለም፤ ይባስ ብሎ የፖሊስ ፒክአፑ አልነሳ አለ። መሪውን በቡጢ መታችው። ወገኔ ኮፈኑን ከፍቶ አጎነበሰ።

«ማሳው ላልቶ ነው» አለና ከባትሪው የሚወጣውን ወፍራም ገመድ በመፍቻ ጠበቅ አደረገው። «አሁን ሞክሪው።»

ሞተሩ ተነሳ። ማናለብሽ ወዲያው መልሳ አጠፋችው።

«ሳጅን፣ ክንዴን አምጣው። ሁላችሁም ወደ መጠለያው ግቡ።»

ክንዴ እጁ በካቴና እንደታሰረ መጣ። ወይዘሮ እመቤት ፊታቸውን አዞሩበት።

«ሁላችንም ማሳ ሲባል እርሻ ታየን» አለች ማናለብሽ። «ሥራዬ መጠየቅ ሆኖ አለመጠየቄ ያናድደኛል። መኪና ሠሪ ዘንድ ግን ማሳ ማለት ይህ ባትሪውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው ገመድ ነው። እሱ ከተፈታ መኪናዋ ውስጥ ኤሌክትሪክ የለም። አቶ ዓባይነህ ሁልጊዜ ፈትተው፣ ብሎኑን ኪሳቸው ከተው ነው የሚሠሩት። ያን ዕለትም ብሎናቸው ኪሳቸው ነበር፤ ማሳው ግን በሌላ ብሎን ታስሯል። ያሰሩት እሳቸው አይደሉም። ሽቦው እሳት ሲተፋ አይተው ‹ማሳዬን ማን ነካው?› አሉ። ያልተሸፈነው የሞተር ማስነሻው፣ የሞተሪኖው ሽቦ ተነካክቶ ሞተሪኖው ዞረ። ማርሽ ውስጥ ያለችን መኪና ደግሞ ሞተሪኖ ብቻውን እንደሚያዘልላት የሚነዳ ሁሉ ያውቃል።»

«ክንዴስ ሊያስረው አይችልም?» አለ ሳጅኑ።

«እስከ ምሳ ሲሠሩ ምንም አልነደደም፤ ክንዴ ደግሞ ከምሳ በፊት ወጥቷል። አቶ ዓባይነህም ወንድማቸውን ቢቆጡ በአዊኛ ነበር የሚጮኹት።» ወደ ወገኔ ዞረች። «አንተ ቀኑን ሙሉ ማሳ ስትፈታና ስታስር ትውላለህ። ሽቦ የሚዘረጋ ሰው ‹ማሳዬን› ሲል ከሁላችንም በፊት ሊገባው የሚገባ አንተ ነበርክ። እርሻ ነው ብለህ የተሟገትከኝ ግን አንተ ነህ። ለምን?»



«ሽቦው እንዲቃጠል ብቻ ነበር» አለ ወገኔ። «ተቃጥሎባቸው ወደ እኔ እንዲመለሱ። ማርሽ ውስጥ መሆኗን አላየሁም። ማርያምን!»

«እሱን ለዳኛ ትነግረዋለህ። ይህ ሰው በአንተ ፈንታ ሲታሰር ግን አይተሃል።»

ሳጅኑ አንገቱን ደፍቶ ካቴናውን ፈታ። ክንዴ የተፈታ እጁን አላየውም።

«እንግዲህ የጮኸው» አላት፣ «በእኔ ላይ አልነበረም?»

«በእርስዎ ላይ አልነበረም።»

«ረግሞኝ የሞተ መስሎኝ ነበርኮ» አለ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ እመቤት ዞረ። «የት ነው የቀበራችሁት፣ እቴ? ውሰጅኝ። እኔ ገና አላለቀስኩለትም።»