የሚኒስትሩ ፖስታ

ሐሙስ ጠዋት፣ አሶሳ ገበያ።

መምህር በቃሉ የጠመኔ ካርቶኑን በሙላቱ ሱቅ ባንኮኒ ላይ አስቀመጠ። ሙላቱ ለከተማው አቡጀዲ ሻጭ ነው። የስለላ አለቃ መሆኑን የሚያውቀው በቃሉ ብቻ ነው።

«መረጃ የሚያሾልከው ማነው?» አለ ሙላቱ።

«ዓዲላ። ሚኒስትሩ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ዕጣውን ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

አለቀ።

ክልሉ ገና አዲስ ነው፤ ሠራተኞቹም አዳዲስ። በቃሉ የውጭ ጉዳይ ውሳኔን በጨዋታ ያስተምራቸዋል። ሁለት የፈጠራ አገሮች በወንዝ ይጣላሉ፣ ሠልጣኞቹ ሹማምንት ሆነው ይደራደራሉ። ሰኞ ዕለት የሹመት ዕጣ አስወጥቶ ለየሹመቱ የታሸገ ፖስታ አደለ። «ከእውነተኛ ፋይል የተቀዳ ነው፤ አርብ እስክንጫወት አፋችሁን ጠብቁ» አላቸው። በየፖስታው መሣሪያ የሚያልፍበት መንገድ ተጽፏል፤ የአንዱ ከሌላው ይለያል። ረቡዕ ከድንበር ማዶ የመጡ ሰዎች በሚኒስትሩ ፖስታ በተጻፈው መንገድ አድፍጠው ተያዙ።

ዓዲላን ከቢሮው ወሰዱት። «መምህሬን ጠይቁ፤ ያውቁኛል» ብሎ ነበር አሉ።

አርብ፣ ክፍል ውስጥ። ሱለይማን የሚባለው ጎልማሳ ተነስቶ የሚኒስትሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የሚኒስትሩ ፖስታ በእጁ ነው።

በቃሉ ፖስታውን አየና ጠየቀ።

«ይሄ የዓዲላ አይደለም እንዴ?»

«ኧረ መምህር!» አለች ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ ኢንዓም። «ሱለይማን እኮ የዓዲላ አጎት ነው። አጎቱ ጸሐፊ ሆኖ እሱ ሚኒስትር ይሁን? ነውር ነው! ሰኞ ዕለት በር ላይ ፖስታቸውን ተቀያየሩ።»

ሱለይማን አንገቱን ደፋ።

አይ በቃሉ! የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እሱ ግን ያፈሰሰው ሰው ነው። ገበያውን እየገፋ ሙላቱ ጋ ደረሰ።

«ተሳስቻለሁ! ፖስታው ሱለይማን ጋ ነበር። ልጁን ፍቱት!»

ሙላቱ ጨርቅ መለካቱን አላቆመም።

«አውቃለሁ።»

«ምን?»

«ሱለይማን የኛ ሰው ነው። መንገዱን እንዲነግራቸው ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ከታሰረ ማዶ ያሉት ሱለይማንን አይጠረጥሩትም። ያንን ሰው አንተ ሰጠኸን።»

«ዓዲላስ?»

«ሥራው እስኪያልቅ ይቆያል። አንተ ነገ ትሄዳለህ።»

መጮህ አማረው። አልጮኸም። እሺ ብሎ ወጣ፤ ለዚህም ራሱን ጠላው።

ቅዳሜ መናኸሪያ ኢንዓም ደረሰችበት።

«መምህር፣ ዓዲላን ያስፈቱልን። እርስዎን ይሰማሉ።»

«እሺ» አላት። ዓይኗን ማየት አልቻለም። አውቶቡሱ ውስጥ ገባ።

በሌላ ከተማ ሌላ ስም ሰጡት። አሁንም ያስተምራል። አንድ ተማሪ ለታላቁ ወንበር ሲለቅ ባየ ቁጥር ጠመኔውን አንስቶ ፊቱን ወደ ሰሌዳው ያዞራል።

የሚጽፈው ግን የለውም።